ሠላሳ ጆንያ እርጥብ ፍልጥ

ሽማግሌውን የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ፍልጡ» ይላቸዋል። ስሙ የወጣላቸው አርባ ዓመት እንጨት ፈልጠው ስለሸጡ ብቻ አይደለም፤ ነገርንም እንደ ምሳር ስንጥቅ አድርገው ስለሚናገሩ ነው። ልጃቸው የከባድ መኪና ሹፌር ሆኖ ከቤት ከራቀ፣ የእሳቸውም ወገብ አልታዘዝ ካለ ወዲህ የእንጨት ግቢውን የያዘችው ምራታቸው ናት። ሙያዋ ልብስ ስፌት ነበር።

በበጋው መጀመሪያ አንድ ሐሳብ መጣላት። ፍልጡ ግድግዳ ሥር ተከምሮ ከሚንከባለል፣ ለግንባታ አሸዋ በሚጫንበት ትልልቅ ጆንያ ቢገባስ? ባለ አራት ማንገቻ ነው፤ አንዱ ብቻውን የሰባ በሬ ያክላል። ፈላጮቹ እርጥቡን ግንድ እየሰነጠቁ አቀበሏት፤ እሷ እንደ ጡብ እያጠጋጋች ደረደረች፣ አፉን በሲባጎ ጥፍር አድርጋ አሰረች፣ ከላይ እስከ ታች ላስቲክ አለበሰችው። ሠላሳ ጆንያ። ግቢው እንደተጠረገ ሳሎን አማረ። ሽማግሌው በረንዳ ላይ ሆነው አዩ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ዝም አሉ።

ሁለት ወር ቆይታ የመጀመሪያውን ጆንያ ለዳቦ ጋጋሪዋ ላከች። በማግስቱ ጋጋሪዋ ዱቄቱን ከክንዷ ሳታራግፍ መጣች።

«እንጨት ነው ወይስ ጎመን የላክሽልኝ? ምድጃው ሲንጣጣ ዋለ እንጂ አልነደደም! ደንበኞቼ ዳቦ ሊገዙ መጥተው በጭሱ አልቅሰው ሄዱ።»

«ሁለት ወር ሙሉ እኮ ነው የደረቀው።»

«ከደረቀማ ወንዝ ውስጥ ነው የደረቀው» ብላ ሄደች።

ምራትየዋ ቢላ አንስታ የቅርቡን ጆንያ አፍ ማሰሪያ በጠሰችው። እንደታመመ ሰው ትንፋሽ ያለ ሙቀት ፊቷን መታት። ላስቲኩ ከውስጥ አልቦታል። እጇን ወደ ታች ስትሰድ ፍልጡ ያሟልጫል፤ ነጭ ሻጋታ ለብሷል። በሦስተኛው ጆንያ ውስጥማ እንጉዳይ በቅሎ ጠበቃት። ቢላውን እንደያዘች ወደ በረንዳው ዞረች።

«አባባ፣ እንዲህ እንደሚሆን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይባላል። አልጠየቅሽኝማ።»

«እሱ ለጎረቤት ነው! በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን? የበሰበሰው የማን እንጨት ነው?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግቢው አዞሩ። እሷም ከዚያ በላይ መናገር አፈረች። ያልጠየቀችው «ልብስ ሰፊዋ እንጨት ልታውቅ?» ብለው እንዳይስቁባት ብላ ነበር። ለካ እሳቸውም በረንዳ ላይ እንደ ጎታ መቀመጣቸው፣ የሚያማክራቸው መጥፋቱ ሲያንገበግባቸው ከርሟል። ይህን ግን ያን ቀን አልነገሯትም።

በማግስቱ ጠዋት ከግቢው ድምፅ ሰምታ ብትወጣ፣ ሽማግሌው ከዘራቸውን ጥለው ግማሹን ፍልጥ ያወጡለትን አንዱን ጆንያ ሊገለብጡ ይታገላሉ።

«ኧረ ወገብዎ!»

«ወገቤን ተይው፣ ይልቅ በዚያኛው ማንገቻ ያዢ።» ጆንያው ተገለበጠና ፍልጡ ተንኳኩቶ ፈሰሰ። ሽማግሌው ቁና ቁና ተነፈሱ። «እንጨት ይተነፍሳል፣ ልጄ። አንቺ አፍና አፍንጫውን ይዘሽ ተኛ አልሽው። እኔ ደግሞ ሲታፈን ቆሜ አየሁ። ከሁለታችን የባስኩት እኔ ነኝ።»

ዝናቡ ሊገባ ገና አራት ወር ነበረው። ፍልጡን በሙሉ ፀሐይ ላይ በተኑት፤ የበሰበሰውን ለይተው ጣሉ። ጆንያዎቹንም ሽማግሌው ሊጥሏቸው ነበር፤ እሷ ከለከለች። የስፌት መቀሷን አመጣችና የእያንዳንዱን ጆንያ ሁለት ጎን እንደ መስኮት ቀደደች፤ በቀደደችው ላይ የሽንኩርት ከረጢት መረብ በወፍራም ክር ጠቀመችበት። ሽማግሌው ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ሳብ ሳብ አድርገው ፈተኑት።

«ይኼስ ከእኔ በላይ ይኖራል» አሉ።

እሳቸው በተራቸው ፍልጡ ሳይደረደር እንደመጣ እንዲጣል፣ ጆንያው መሬት እንዳይነካ በእንጨት ርብራብ ላይ እንዲቆም፣ ላስቲኩም አናቱን ብቻ እንዲሸፍን አሳዩአት። ሁለት ፍልጥ ማጋጨትንም አስተማሯት፤ እርጥቡ «ዱብ» ይላል፣ ደረቁ «ኳ»። መጀመሪያ አልለይ አላት። በሦስተኛው ወር ግን ዓይኗን ጨፍና ትለይ ጀመር፤ አንዳንዴም እሳቸው «ደርቋል» ያሉትን «ገና ነው፣ አባባ» ብላ ትመልሰዋለች። ሲሰነጥቁት ልክ ሆና ትገኛለች።

ከሠላሳው ሃያ ሁለት ጆንያ ተረፈ። የመጀመሪያውን ዳቦ ቤት ሲያደርሱ ሽማግሌው አብሬ ካልሄድኩ አሉ። ጋጋሪዋ ፊት ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ያለፈው ጥፋት የእሷ አይደለም። አውቄ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

ምራትየዋ ደንግጣ አየቻቸው። እኚህ ሰው ጥፋቴ ነው ሲሉ ባሏም ሰምቶ አያውቅም።

«ጥፋቱ የማንም ይሁን፣ ምድጃዬ አያውቀውም» አለች ጋጋሪዋ፤ አራት ፍልጥ ጨምራ ክብሪት ጫረች። እሳቱ ወዲያው ያዘ፤ ጭሱ ቀጭን ነበር። ጋጋሪዋ ትንሽ ጠብቃ የምድጃውን በር ዘጋችና ወደ ሊጧ ተመለሰች።

«ሐሙስ ሦስት ጆንያ» አለች ሳትዞር።

ሲወጡ ማካፋት ጀምሮ ነበር። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ክንዷን ተደግፈው፣ ስለ ሐሙሱ ጭነት እያወሩ ሄዱ።