የሰርኬ ባቄላ

አምኃ ሽሮ ሜዳ ተወልዶ ያደገ ሸማኔ ነው። እናቱ ካወጣችለት ስም ሌላ ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነበረው፤ «ቁጢት በጣሽ» የሚል የሸማኔ ስድብ። ሦስተኛ ክፍልን ሳይጨርስ ትምህርቱን የተወውም በዚሁ ነው። አንድ ቀን ጥያቄ አቅቶት ዝም ብሎ ቢቆም፣ መምህሩ «አንተማ ምን ቸገረህ፣ ጉድጓድህ ይጠብቅሃል» ብሎ ክፍሉን ሁሉ አሳቀበት። ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ይሠራል፤ ምኑ ነው የሚያስቀው? የሳቁት ዛሬም የሸማኔ ጋቢ ለብሰው ነው የሚሄዱት። አብዮቱ መጥቶ «ሠርቶ አደር» ቢለውም አምኃ አላመነም። ስም መቀየር ለመንግሥት ምን ያቅተዋል።

የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የልጁ የሰርኬ ሥራ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ እነዚያ የሳቁበት ሰዎች ከነልጆቻቸው ቆመው ሲያዩት ማየት።

ሰርኬ ሁለተኛ ክፍል ናት። መምህርቷ እትዬ ሸዋገነት ለየልጁ ባቄላ አድላ፣ «ቤታችሁ በጣሳ ዝሩት። በየሳምንቱ ያያችሁትን ሳሉ፣ ከሥሩም በራሳችሁ ቃል ጻፉ። የሌለ አትጨምሩ፣ ያለውንም አትተዉ» አለቻቸው። የመጨረሻው ሥዕል ለወላጆች ቀን ይሰቀላል ተባለ።

የእነ አምኃ ቤት መስኮት የለውም። ብርሃን የሚገባው በበሩ ነው፤ በበሩ በኩል ደግሞ የሽመናው ዕቃ ተተክሏል። የሰርኬ ጣሳ ከዕቃው ጀርባ ተቀመጠ።

በወላጆች ቀን ዋዜማ አመሻሽ ላይ ሰርኬ ስላ ጨረሰችና ለአባቷ አሳየችው። ባቄላዋ ጎብጣ ወደ አንድ ጎን አዘንብላለች። በአንድ በኩል ሦስት ቅጠል፣ በሌላው አንድ፤ እሱም የተቦጨቀ። ከሥሩ «ባቄላዬ በሩን ታያለች። ቅጠሏን ዶሮ በላው» ይላል።

«ይሄ ምንድነው? ጎባጣ» አላት።

«እንዲህ ናት እኮ አባዬ። ናና እያት።»

«እኔ ጥለት ስሠራ በዚህ በኩል ያስገባሁትን በዚያኛው ካላስገባሁ ማን ይገዛኛል? በይ ላጲስሽን አምጪ።»

«እትዬ ያያችሁትን ነው ያለችው።»

«እትዬን የሚስቅባት የለማ።»

እጁ የሰለጠነ ነው። ግንዷን እንደ ተወጠረ ድር ቀጥ አደረጋት። ቅጠሎቹን ግራና ቀኝ፣ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ደረደራቸው። የዶሮውን ነገር ፋቀና በመሠረተ ትምህርት ባቃናው ጽሕፈት «ባቄላዬ ቀጥ ብላ አደገች» ብሎ ጻፈበት። ሰርኬ ወደ ጣሳዋ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታው ቁጭ አለች።

በማግስቱ የታጠበ ጋቢውን ደርቦ ሄደ። ግድግዳው በሥዕል ሞልቷል፤ የሰርኬ የለም። መሃል ላይ የተሰቀለው የባለ ሱቁ የያሕያ ልጅ የጀዊሪያ ሥራ ነው። አንድ ጥቁር ነጥብ፣ ከሥሩም «አልበቀለም። ሸተተ።»

ያሕያ አጠገቡ ቆሞ ይስቃል። «አየህልኝ አምኃ? የሰው ልጅ ለምለሙን ይስላል፣ የኔዋ የበሰበሰ። ደንበኛ ልታባርርብኝ ነው።»

አምኃ አልሳቀም። መምህርቷን ጠጋ ብሎ «የልጄ ለምን ቀረ?» አላት።

«ጋሽ አምኃ፣ ሥዕሉ ቆንጆ ነው። ግን ሰርኬ ያየችው አልመሰለኝም። ቀድማ ያመጣቻቸው ሁሉ ጎበጥ ያሉ ናቸው። ከፈቀዱልኝ ከእነሱ አንዱን ልስቀል።»

«ለእኛ የሚገባን ጎባጣው ነው?»

«እንደዚያ አላልኩም።»

«ገብቶኛል። ያኔም ገብቶኝ ነበር።»

ድምፁ ከፍ ሲል የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ስለሺ መጣ። የሰርኬን ወረቀት ከመምህርቷ እጅ ወሰደና አየው።

«ይሄማ ጥሩ ነው። የምርት ዘመቻ ላይ ነን፤ የበሰበሰ ባቄላ መሃል ግድግዳ ላይ ሰቅለን ማንን ልናስደስት ነው?»

«ልጅቷ ያየችውን ነው የሳለችው ጓድ። ትምህርቱ...»

«ትምህርቱ ስለሚያድግ ነገር ይሁን።»

ያሕያ ሳቁን አቆመ። ማንም ሳያዘው ሄዶ የልጁን ወረቀት ነቀለ፣ አጥፎም ኪሱ ከተተው። በዚያ ዘመን ሰው እስኪታዘዝ አይጠብቅም ነበር።

እትዬ ሸዋገነት ወረቀቱን ተቀብላ ሰርኬ ፊት ቁጢጥ አለች። «ሰርኬ፣ ያየሽው እንዲህ ነው?»

ሰርኬ አባቷን አየች። ከዚያ ጓድ ስለሺን አየች።

«አዎ።»

«ወደ በሩ አላዘነበለችም?»

«አላዘነበለችም።»

 መምህርቷ ተነስታ ሰቀለችው።

ሰው እየመጣ አየ። «የአምኃ ልጅ ናት? ጉድ ነው፣ ልክ ጥለት እኮ ነው የሚመስለው» ይባባላሉ፤ እየተጠቃቀሱም ፈገግ ይላሉ። ስለ ባቄላው የጠየቀ የለም። አምኃ የተመኘውን አግኝቶ፣ በታጠበ ጋቢው ውስጥ ላብ አጠመቀው።

በሚቀጥለው ሳምንት እትዬ ሸዋገነት ደመና አይታችሁ ሳሉ ብላ ሰደደቻቸው። እንጦጦ ላይ የከበደ ጥቁር ደመና ተኝቷል። ሰርኬ ግን ባዶ ወረቀቷንና እርሳሷን ይዛ አባቷ ወደተቀመጠበት ጉድጓድ መጣች።

«አባዬ፣ ምን አየሁ ልበል?»

አምኃ መወርወሪያውን እንደያዘ ቀረ። «ወጣ ብለሽ እዪዋ።»

ወጣች። ደጃፉ ላይ ቆመች። ፊቷን ወደ እሱ አዙራ፣ እስኪነግራት ጠበቀች።