ሸጣው የት አለ?

ጓደኛዬን ጀብራ ሰፈር በሠራተኝነት ያለችበት ቤት እመቤት «አማል» እያለች ነበር የምትጠራት። «ስምሽ አፌ ላይ አይቀመጥም» አለቻት፣ አለቀ። ምላሷ ይቆረጥና! ደቡቡ ተገንጥሎ ለብቻው አገር በሆነ በዓመቱ፣ ጀሪፍ በሚባለው ሰፈር ወንዙ ዳር ያለ የወይን እርሻ ለለቀማ ሴቶች ሲፈልግ ተያይዘን ሄድን።

«ፋሪሃ፣ እዚያስ በስሜ ነው የምጠራው» አለችኝ መንገድ ላይ።

ስሟ ወይንሸት ነው። ወይንሸት፣ ወይን እርሻ ውስጥ! ወላሂ ሳቄን መቼ ቻልኩት።

ባለ እርሻው ዐም ጂብሪል ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ ጆሯቸው ግን የፈለገውን ነው የሚሰማው። በመጀመሪያው ቀን «ወይንሸት! መቀሱን አምጪ!» ብዬ ስጮኽ፣ የተፈጨ በርበሬ በቆርቆሮ ሳህን ይዘው ከች አሉ። ጉድ በል! በዐረብኛ «ወይን» የት አለ ማለት ነው፤ «ሸጣ» ደግሞ በርበሬ። ሰውየው «በርበሬው የት አለ?» ያልኩ መስሏቸዋል።

«ስሟ ነው፣ ዐሚ፣ አጎቴ!» አልኳቸው።

«ብይ ልጄ፣ አትፈሪ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ በተጣራሁ ቁጥር የሸጣው ሳህን ይመጣል። እኔ ሆዴን ይዤ ስንከተከት ወይንሸት አንድ ቀን መቀሱን አስቀመጠች። «አማል ይሻለኝ ነበር» አለች። «እሱ እንኳ የሰው ስም ነው።» ሳቄን ተውኩት።

ወይኑ ሊደርስ ሲል ወፎች መጡበት። ጅራታቸው ረዥም፣ አመዳማ ወፎች፤ ዘለላው ላይ ተንጠልጥለው ይመጥጡታል። «ወፍ ከጨረሰው ለቀማ የለም፣ ወደየቤታችሁ ነው» አሉ ዐም ጂብሪል። ለወይንሸት ቤት ማለት ደግሞ እመቤቷ ዘንድ ተመልሶ አማል መሆን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወፎቹ ግርር ብለው ሐረጉ የተዘረጋበት ዳስ ላይ ሰፈሩ። ወይንሸት ከሥሩ ጎንበስ ብላ ቅጠል ትለቅማለች፣ አላየችም። ባለ በሌለ ድምፄ «ወይንሸት! ወይንሸት!» አልኩ። ዐም ጂብሪል በረሃብ የምሞት መስሏቸው ሳህኑን ይዘው ሲሮጡ ሐረግ ጠለፋቸው። ሳህኑ ከብረት ምሰሶው ጋር ቋ! ወፎቹ ብርር፣ በርበሬው ብን፣ ሦስታችን ሃፒሽ! ሃፒሽ!

«ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ ሸጣ እንዲህ ይወደዳል?» አሉኝ እያነጠሱ።

ወይንሸት በእንባዋ መሀል ተነስታ ጮኸችባቸው። «ሸጣ አይደለም! ወይንሸት እኔ ነኝ! ስሜ ነው! ዒነብ ማለት ነው፣ የወይን እሸት!»

ሽማግሌው ዘለላውን አዩ፣ እሷን አዩ። «አስተግፊሩላህ! ዒነቤን በርበሬ ስላት ከረምኩ?» ብለው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ሆዳችን እስኪቆስል ሳቅን።

ለቀማው የተጀመረ ቀን «ወይንሸት!» ሲሉ ሰማሁ። ዛሬ ደግሞ እኔ ሸጣ የፈለጉ መስሎኝ ሳህኑን ይዤ ሮጥኩ።

«አንቺን ማን ጠራሽ? ልጅቷን ነው!» አሉኝ።

ልጅቷ ሐረጉ ሥር ቆማለች። ሰምታለች፤ ከንፈሯ ይስቃል። ግን አቤት አላለችም።

«ወይንሸት!» አሉ እንደገና፣ ጮክ ብለው።

አሁንም ዝም። እኔም እዚያ ናት አላልኩም፤ በስሟ ደግመው ይጥሯት።