ማን ቀድሞ ይምረጥ

ሁለቱ ወንድማማቾች ወርቅ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ታናሽየው በሩን ገፋ አድርጎ ከፈተና ራሱ ሳይገባ ቆመ። ታላቁ እስኪያልፍ መጠበቁ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያደርገው የኖረ ነገር ስለሆነ አንዳቸውም ልብ አላሉትም።

አባታቸው ሲሞት ታናሽየው ገና የወተት ጥርሱን ያልነቀለ ልጅ ነበር። ታላቁ ትምህርቱን ትቶ መስታወት ቤት ተቀጠረና አሳደገው። ልጁም ከኋላው ከኋላው እያለ አደገ። ታላቁ ሳይቆርስ አይቆርስም፣ ታላቁ ሳይቀመጥ አይቀመጥም፤ ሰፈሩ «ጥላው» ብሎ ስም አወጣለት። ዛሬ ጥላው ባንክ ውስጥ ክራባት አስሮ የሚውል ሰው ነው። ታላቁ ግን ያው ባለ መስታወቱ ነው፤ ጢሙ ሳይወጣ የገባበትን ሙያ ሽበት ጣል ጣል ሲያደርግበትም አልለቀቀውም።

ትዳርም የዘገየባቸው በዚሁ መጠባበቅ ነው። ታላቁ ወንድሜን ሳልድር ምን ሲደረግ ይላል፤ ታናሹ ጋሼ ሳያገባ በየት በኩል ይላል። «እነዚህ ልጆች በር ላይ ቆመው አንተ ግባ፣ የለም አንተ ግባ ሲባባሉ መሸባቸው» እያሉ ጎረቤቶች ይስቁባቸው ነበር። ኋላ ግን ባለ መስታወቱ በኳስ የተሰበረ መስኮት ሊቀይር አንድ የሕፃናት ትምህርት ቤት ሄደ። ሥራውን ጨርሶ ዕቃውን ሲሸክፍ መምህሯ አላስወጣ አለችው። «የገጠምከውን አይደለም የምፈራው፤ የጣልከውን ነው» ብላ ወለሉ ላይ አንበርክካ እያንዳንዷን ስባሪ በመዳፉ አስለቀመችው። እዚያው እንደተንበረከከ ልቡ ቀረ። ወንድሙ ሽማግሌ መላኩን በሰማ በማግሥቱ ጥላው ደግሞ አብራው የምትሠራ ልጅ እንዳለች፣ እሷም ስትጠብቅ እንደቆየች አፈረጠው።

ሁለቱም ሙሽሮች የሚገቡት አባታቸው በተወላቸው ቤት ነው። መሐሉን በግድግዳ ከፍለውታል፤ ግቢውና ማድ ቤቱ ግን አንድ ነው፣ ገበታውም አንድ። እንግዲህ የሁለቱ ሴቶች እጅ ዕድሜ ልክ አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሊቀመጥ ነው።

የወርቅ ቤቱ ባለቤት መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ወሬ የማያበዙ አሮጊት ናቸው። የባንኮኒው መስታወት ላይ ጥቁር የከፋይ ጨርቅ ዘረጉና አልማዝ በሦስት ነገር ዋጋው እንደሚወጣ ነገሯቸው፤ በትልቅነቱ፣ በጥራቱ፣ በንጣቱ። «ሦስቱንም ልያዝ ያለ ሰው ቤቱን ሸጦ ቀለበቱ ውስጥ ይኖራል» አሉ፣ ሳይስቁ።

ባለ መስታወቱ ለዚህ ጉዳይ ለይቶ ያስቀመጠው ገንዘብ የአንድ ክሊኒክ መስኮቶችን በሙሉ የገጠመበት ዋጋ ነበር። ከዚያ አንዲት ሳንቲም እንደማያልፍ ቁርጡን ነገራቸው። ሴትዮዋ ፊታቸው ሳይለወጥ ካወጧቸው የቀለበት ሣጥኖች ሁለቱን ወደ ውስጥ መለሱና አንዲት ትንሽ ሣጥን አቀረቡለት።

«ጋሼ፣» አለ ጥላው፣ «ከመስታወት መቁረጫህ ጫፍ ላይ ያለችዋን አልማዝ ነቅለህ አትሰጣትም?»

«እሷማ እንጀራዬ ናት። ከዚያ ምን ላበላት ነው?»

ሴትዮዋም ፈገግ አሉ። ባለ መስታወቱ ግን ጎንበስ ብሎ መምረጥ ጀመረ። ብዙ ጊዜ ወሰደ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሱ ጉዳይ ከመስታወት በዚያኛው ወገን ያለ ነገር መመልከቱ ነበር። በመጨረሻ አንዲቱን አነሣ። ድንጋይዋ ከምስር ፍሬ ታንሳለች፤ ግን ጥርት ያለች ናት፣ ወርቁም ዝቅ አድርጎ ስላቀፋት የልጅ ጉንጭ ብትነካ አትጭርም። ደስ አለችው። «ይቺን» ለማለት ቀና ሲል ወንድሙን አየው።

ጥላው ከባንኮኒው ማዶ ጫፍ ሌላ ሣጥን ላይ አቀርቅሯል። ከሥሩ ያለው ድንጋይ የበቆሎ ፍሬ ያህላል። ከመቅረቡ የተነሣ እስትንፋሱ መስታወቱን በጉም ሸፍኖታል። ሰው መስታወት ላይ እንዲህ ሲተነፍስ ራሱን ረስቷል ማለት እንደሆነ ባለ መስታወቱ በሥራው ብዙ አይቷል።

«ይቺን ወስጃለሁ» አለ ፈጠን ብሎ።

ጥላው ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው ቀና አለ። ጉሙን በእጅጌው ጠረገ። መጣና የወንድሙን ቀለበት አየት አድርጎ፣ «ለኔም እንደ ጋሼ ይሁንልኝ፤ እንደዚችው ያለች» አለ።

በዚያች ቅጽበት የባለ መስታወቱ ልብ ቅቤ ጠጣ። የእኔዋ ማንም ፊት እጇን አትደብቅም፣ ሁለቱም እኩል ናቸው፣ አለ በሆዱ። ወዲያው ደግሞ ሴትዮዋ ከመነጽራቸው በላይ ሲመለከቱት አገኛቸውና ደስታው አፉ ውስጥ መረረው። የወንድሙ ሙሽራ በእሱ ኪስ ልክ ልትለካ ነው። እሱ ቀድሞ ስለመረጠ ወንድሙ ከዚያ በላይ አይመርጥም፤ አቅም አጥቶ ሳይሆን ታላቅን ማለፍ ስለማያውቅ።

አስቤበት እመለሳለሁ ብሎ ቀለበቷን መለሰ። ጥላው ወንድሙን ቀድሞ አይወስድምና እሱም ባዶ እጁን ወጣ። ሴትዮዋ ግን ባለ መስታወቱን በር ድረስ ሸኙትና፣ ከፈለገ ከፍ ያለውን ወስዶ ቀሪውን ቀስ እያለ ሊከፍል እንደሚችል በጆሮው ሹክ አሉት።

መንገዱን ሙሉ ጥላው ስለ ጣራው ቆርቆሮና ስለሚገዛው አልጋ ሲያወራ፣ ባለ መስታወቱ ሹክታውን እያኘከ ሄደ። ተበድሮ ትልቅ ቢገዛ ወንድሙም ትልቅ ይገዛል፤ ሁሉም በክብሩ ይቀራል። ነገር ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ትዳሩን በዕዳ ሊጀምር ነው። ባይበደር ደግሞ ከሁለቱ ሴቶች አንዷ ታንሳለች። ከሁሉም ያንገበገበው የወንድሙ ጨዋታ ነው። የቀረብኝ ነገር አለ የሚል ጥላ እንኳ ፊቱ ላይ የለም። መሥዋዕትነት መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ ባለ መስታወቱ ያመሰግነው ነበር፤ ልጁ ግን የከፈለውን እንኳ አላወቀም።

በማግሥቱ ትምህርት ቤቱ ሄደ። ልጆቹ ወጥተዋል፤ እጮኛው ክንዷን ሰብስባ የቀለም ብሩሾች ታጥባለች። ቀለበቱ ድንገተኛ ሊሆን የታሰበ ነበርና መጀመሪያ ዙሪያውን ዞረ። እሷ ግን ሲዞር ማየት አትወድም፤ ትንሽ እንደቆየ ሁሉንም አወራላት። አላቋረጠችውም። ሲጨርስ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እንደ ጋሼ ይሁንልኝ ሲል፣ ደስ አለህ?»

የሚያመካኝበት ፈልጎ አጣ። «አዎ፣ ደስ አለኝ» አላት።

ብሩሹን አራግፋ ማሰሮው ውስጥ አቆመችው። «እኔም ልዋሽህ አልችልም። እሷ ጣት ላይ ከኔ የበለጠ ካየሁ ዐይኔ ይሄዳል። ሽንኩርት ስንከትፍ ሳይቀር ይሄዳል። ምን ላድርገው፣ ሰው ነኝ። ተበድረህ ካመጣህልኝ ግን ዐይኔ የሚሄደው ወደ ራሴ ጣት ነው። ከሷ ዞር ልል እችላለሁ፤ ከራሴ ጣት ወዴት እሸሻለሁ?»

«ወንድሜንስ ምን ላድርገው?»

«እሱን እኔን አትጠይቀኝ» አለችው። «አንተ ነህ ያሳደግከው።»

ነገሩ አልቀለለውም። ሳምንቱን ሁሉ መስታወት ሲለካ፣ ሲቆርጥ፣ ሲገጥም ቃሏ አብሮት ዋለ። ማታ ማታ ሲጸልይ ጸሎቱ አጠረ። ፈጣሪን ገንዘብ አልለመነውም፤ ልቡ ያወቀውን አፉ እንዲደፍር ብቻ ለመነው። ልጁን ምሳ አብልቶ፣ ደብተር ገዝቶ፣ ክራባት አስሮ ለወግ አብቅቶታል። አንድ ነገር ግን ሳይሰጠው ኖሯል፤ ቅደም ብሎት አያውቅም። ሲከተሉት ደግሞ ደስ ይለው ነበር።

ቅዳሜ ተመልሰው ሄዱ። ጥላው በሩን ከፈተና እንደልማዱ ቆመ።

«ዛሬ አንተ ግባ» አለ ታላቁ።

ጥላው ሳቀ። «ኧረ ጋሼ፣ ግባ በናትህ።»

«የምሬን ነው። አንተ ገብተህ ቀድመህ ምረጥ። እኔ እዚህ ደጅ እቆያለሁ።»

«አንተ ሳትመርጥማ አይሆንም። ነውር ነው።»

አንዲት ሴት ለመውጣት ይቅርታ ጠየቀቻቸውና ሁለቱም ወደ ጎን አሉ። በሩ ተዘጋ። ባለ መስታወቱ እጁን ኪሱ ከተተ።

«ባለፈው ጊዜ እንደ ጋሼ ይሁንልኝ ስትል ደስ አለኝ» አለ።

«ደስ ካለህ ታዲያ ምን ቀረ?»

«ደግ ደስታ አልነበረም፣ ወንድሜ። የኔዋ እንዳታንስ ብዬ ያንተዋ እንድታንስ ወደድኩ። ትልቁን ስትመኘው እያየሁ ነው ይሄ ሁሉ።»

ጥላው ክራባቱን ላላ አደረገ። «ትልቁን መመኘቴን እንዴት አወቅህ?» ሲል ጠየቀ።

«መስታወቱ ላይ እስትንፋስህን አየሁት።»

«ያንን ብገዛ ወንድሙን በለጠ ይባላል።»

«ይባላ።»

ጥላው ወዲያ ወዲህ አየ። «እውነቱን ልንገርህ፣ ጋሼ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አክብሮት ብቻ አይደለም። አንተ ከመረጥክ እኔ አልሳሳትም። ብሳሳትም ስህተቱ ያንተ ነው። ትምህርቱንም፣ ባንኩንም አንተ ነህ ያልከኝ። እሷን ብቻ ነው በራሴ የመረጥኩት፤ ያንን እንኳ እስክነግርህ ስንት ጊዜ ፈጀብኝ።»

ባለ መስታወቱ ዕድሜ ልኩን አክብሮት ብሎ ሲቀበለው የኖረው ነገር ግማሹ መጠለያ ኖሯል፤ እሱም ሳያውቀው ሲያሞቀው ኖሯል። እጁን የወንድሙ ትከሻ ላይ አሳረፈ።

«እንግዲያው ዛሬ ስህተቱም ያንተ ይሁን» አለው።

ጥላው ገባ። ባለ መስታወቱ ጀርባውን ለወርቅ ቤቱ ሰጥቶ ደረጃው ላይ ቆመ። ነገር ግን የመስታወት ሰው ዕጣው ሆኖ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው የጫማ ሱቅ መስኮት ወርቅ ቤቱን ከነሰዎቹ ያሳየዋል። የወንድሙ ያጎነበሰ ጀርባ ቁልጭ ብሎ ታየው። ባንኮኒው የትኛው ጫፍ ላይ እንደቆመ ሊለይ ትንሽ ሲቀረው ዐይኑን ወደ ጫማው መለሰ።

ብዙ ቆየ። ገዢ ገባ፣ ገዢ ወጣ። በኋላ ሴትዮዋ ብቅ አሉ።

«ወንድምህ ወንበር ጠየቀኝ፣ ልጄ።»

«ምነው እማማ፣ አመመው?»

«ኧረ እየመረጠ ነው። ላብ በላብ ሆኗል። ገብተህ ብትረዳውስ?»

እግሩ ሊነሣ ነበር። ወንድሙ በተጨነቀ ጊዜ ሁሉ የሚነሣ እግር ነው፤ ማንም ሳያዘው ይሄዳል። በግድ አስቆመው። «አልገባም እማማ። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላቸው። አሮጊቷ ከመነጽራቸው በላይ አዩት። «እንግዲያው ውኃ ልስጠው» ብለው ተመለሱ።

ጥላው ሲወጣ ፊቱ ቀልቶ ነበር። አንድ እጁ ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው፤ የያዘው ነገር እንዳይበርበት የፈራ ይመስላል። በልማድ የያዘውን ሊያሳይ እጁን መዘዝ ሲያደርግ ባለ መስታወቱ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«መጀመሪያ እሷ ትየው። እኔ እጇ ላይ አየዋለሁ።»

«ተሳስቼስ ከሆነ?»

«እሷ ትነግርሃለች። ከእንግዲህ መቼም እሷ ናት የምትነግርህ።»

ጥላው ከት ብሎ ሳቀ፤ በዚያ ሳቅ ውስጥ ባለ መስታወቱ ፈጽሞ ሰምቶት የማያውቅ የጎልማሳ ድምፅ ነበር። ትንሽ ከፋው፣ ብዙ ደስ አለው። ከዚያ ገብቶ የራሱን ትንሿን ቀለበት፣ ለይቶ ባስቀመጠው ገንዘብ፣ ከፍሎ ወሰደ።

እጮኛውን ያገኛት እዚያው ብሩሽ ማጠቢያው ዘንድ ነው፤ ቅዳሜም ቢሆን ክፍሏን ልታጸዳ መጥታ ነበር። አውራ ጣቷ ላይ ሰማያዊ ቀለም ደርቋል። ያዘጋጀው ንግግር ሁሉ ጠፍቶበት ሣጥኗን እጇ ላይ አስቀመጠላት። ቀለበቷን አጠለቀችና እጇን ዘርግታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አየቻት። ቀጥላ እጇን ገልብጣ ድንጋይዋን ቀስ አድርጋ በራሷ ጉንጭ ላይ ሳበቻት፤ ልጅ ትጭር እንደሆነ መሞከሯ ነው።

«አትጭርም» አለች። አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገች። «የወንድምህስ? ትልቁን ገዛ?»

«አላየሁም።»

ዐይን ዐይኑን አየችው። «እውነት አላየህም?»

«ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩ።»

«ጎሽ» አለችው። «አንተ አትይ። እኔ ግን አያለሁ።»

ቀለበቷን ሳታወልቅ ወደ ብሩሾቿ ተመለሰች።