ሰው ሲሞት የሚፈርስ ቤት

ከሐምሌ ወዲህ እገሌ ታመመ በተባለ ቁጥር የትምወርቅ ሁለት ጊዜ ትደነግጣለች። አንደኛው የማንም ሰው ድንጋጤ ነው። ሁለተኛው የሷ ብቻ ነው፤ ታማሚው ከሞተ ቤቷ ይፈርሳል። ጣሪያዋ የቅሬው፣ የሰፈሩ ዕድር፣ የለቅሶ ድንኳን ነዋ።

መካነ ሰላም ከተማ ዳር ባሏ ይሄነው በሕይወት ሳለ የሠራው ባለ አንድ ክፍል የጭቃ ቤት አላት። በገበያ ቀን ጌሾና ብቅል ቸርችራ የምትገባበት እሱ ነው። ቆርቆሮው ያረጀ ነበር፤ ቢያረጅም ጣሪያ ነበር። አንዱ ማዕዘን ሲያፈስ ይሄነው የእርዳታ ዘይት ጣሳ ጠፍጥፎ፣ ዙሪያውን ሬንጅ ቀብቶ ለጠፈበት። የጣሳው ሰማያዊ ጽሑፍ ከሩቅ ስለሚታይ ሰፈሩ "ዘይት ቤት" እያለ ይቀልድባቸው ነበር። ይቀልድ እንጂ ከዚያ ወዲያ አንድ ጠብታ ጠብ ብሎ አያውቅም።

በሐምሌ የበጎ ፈቃድ ዘመቻ መጣ። "ማንም ቤት አልባ አይሆንም" የሚል ባነር፣ አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ አርባ ሰዎች፣ ካሜራ፣ ከሁሉም ፊት ደግሞ የቀበሌው የቤት ጉዳይ ኃላፊ አቶ አምባቸው። የአቅመ ደካሞችን ቤት ሊያድሱ ነው። የትምወርቅ "ቤት ለእንግዳ" ብላ ተነሣች፤ ለሚካኤል ብላ ያስቀመጠችውን ጠላ ቀዳች። ጠላውን ጠጡና ጣሪያውን አወረዱ። የመጀመሪያዋን ቆርቆሮ አቶ አምባቸው በገዛ እጃቸው ነቀሏት። ካሜራው ስላልያዛቸው መልሰው አስቀመጧትና እንደገና ነቀሏት።

አሮጌው ቆርቆሮ "ዝናብ እንዳይመታው" ተብሎ ወደ ቀበሌው መጋዘን ተጫነ። አዲሱ ማክሰኞ ይመጣል ተባለ። ከመሄዳቸው በፊት የርክክብ ቅጽ አቀረቡላት።

"ለአዲሱ ቆርቆሮ ነው፣ እትዬ። ሳይፈረም ከመጋዘን አይወጣም" አሏት አቶ አምባቸው።

ጠላዋን የጠጣ እንግዳ ደጇ ቆሞ፣ አላምንህም ይባላል? በኛ አገር ነውር ነው። አውራ ጣቷን ከቀለሙ ነክራ አተመች።

ማክሰኞ መጣ፤ ቆርቆሮው አልመጣም። ቀጠሮውን ያላጓደለ ዝናቡ ብቻ ነበር። ግድግዳው ከላይ እየሟሟ ሲወርድ ቅሬው ተሰበሰበ። እስላሙንም ክርስቲያኑንም የሚቀብረው ያው አንዱ ቅሬ ነው። የቅሬው ዳኛ ጋሽ ጀብሪል ፈረዱ።

"ድንኳኑ የሟች ነው። ሟች እስኪገኝ ግን የቆመ ሰው ቢጠለልበት አሏህ አይቆጣም። ሰው የሞተ ለት ይነሣል፤ ለቅሶው ሲያበቃ ይመለሳል። አብሽሪ፣ የትምወርቅ።"

እንዲህ ሆኖ ድንኳኑ በግድግዳዋ ላይ ተወጠረ። እስከ መስከረም ድረስ አራት ሰው ሞተ። አራት ጊዜ ጣሪያዋ ተነሣ፤ አራት ጊዜ የጌሾ ጆንያዋን አዝላ ጎረቤቷ ብርሀንነሽ ማድ ቤት ገባች። አንድ ቀን ለአሮጊቷ ለእማማ ፈንታዬ ምሕረት ስትለምን፣ የምትለምነው ለሴትዮዋ ሳይሆን ለድንኳኑ መሆኑ ገባት። ራሷን ተጸየፈች። ጣሪያዋን የወሰዱት ሰዎች ጸሎቷንም አበላሽተውባት ሄደዋል።

በመስከረም ቤት የሌላቸውን የሚመዘግቡ ወጣቶች በየሰፈሩ ዞሩ። እሷ ዘንድ የደረሰው ፋሩቅ የሚባል ታብሌት የያዘ ልጅ ነው። ስሟን አስገባና ፊቱ ተለወጠ።

"እትዬ፣ እርስዎ ቤት አለዎት ይላል። 'ታድሶ ለባለቤቱ የተላለፈ'።"

"ቀና ብለህ እስቲ እየው።"

ቀና አለ። "ድንኳን ነው።"

"እና ድንኳን ነው በላ።"

"ድንኳን የሚል ምርጫ የለውም" አለ። ልጁ ራሱ አፍሯል።

በማግሥቱ ቀበሌ ሄደች። አቶ አምባቸው ወንበር ስበው አስቀመጧት፤ ውሸት ሲጀመር ሁልጊዜ ወንበር ይሳባል።

"እትዬ የትምወርቅ፣ እርስዎ እኮ ሪፖርት ውስጥ ገብተዋል። ከታደሱት አሥራ ሰባት ቤቶች አንዱ የእርስዎ ነው። ዛሬ ቤት የለኝም ቢሉ፣ የበላይ አካልን ዋሽታችኋል ሊያስብሉን ነው?"

"አልታደሰማ፣ ጌታዬ።"

"ጣትዎ አለበት።" ቅጹን አውጥተው አሳዩዋት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እዚያ ቢሮ ውስጥ ግን ሞኝ አልነበረም።

"ይሁን። አሮጌውን ቆርቆሮዬን ይስጡኝ።"

"እሱ አገልግሎት የማይሰጥ ንብረት ስለሆነ በኮሚቴ ተወግዷል።"

"የት ተወገደ?"

"ተወገደ ነው የሚባለው፣ እትዬ። የት አይባልም።"

ሳምንት ሳይሞላ የአቶ አምባቸው አባት አረፉ። የመስከረም ማብቂያ ዝናብ ገና አልለቀቀም። ጋሽ ጀብሪል የቅሬውን ወጣቶች አስከትለው መጡና ደጇ ላይ ዓይናቸውን መሬት ተክለው ቆሙ።

"ለሱ አንሰጥም። አባቱን በሪፖርቱ ይሸፍን" አለ ሙሐመድኑር። በሐምሌ ቲሸርት ለብሰው ጣሪያዋ ላይ ከወጡት አንዱ እሱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ባያት ቁጥር አንገቱን ይደፋል።

ሁሉም የትምወርቅን አየ።

"ሬሳ ምን አጠፋ?" አለችና የመጀመሪያዋን ገመድ ራሷ ፈታች።

ለቅሶ አይቀርም፤ ሄደች። የሟች ግቢ ውስጥ በገዛ ጣሪያዋ ሥር ተቀምጣ አለቀሰች። ሸራው ላይ ኩራዟ ያቃጠለችው ቀዳዳ ከራስጌዋ ነበር። ሌሎቹ ለሐዘንተኛው ብለው ሲያድሩ፣ እሷ የምትሄድበት ስለሌላት አደረች።

በሣልስቱ ጠዋት እጣቢ ልትደፋ ወደ ጓሮ ዞረች። ከቤቱ ጀርባ አዲስ በረት ተሠርቷል። ሁለት በሬዎች በደረቅ መሬት ላይ ተኝተው ያመነዥካሉ። ከበላያቸው ባለው ቆርቆሮ ማዕዘን ላይ፣ ሬንጅ የዞረው፣ ሰማያዊ ጽሑፍ ያለው የዘይት ጣሳ ተለጥፏል።

የይሄነው እጅ የጠፈጠፈው ጣሳ ለበሬ ጥላ ሆኗል፤ እሷ ሬሳ በሬሳ እየተከተለች ጣሪያ ትለምናለች። እጣቢውን ደፍታ ተመልሳ ቦታዋ ተቀመጠች።

ወደ ቀትር ጸሎቱ ተደረገ፤ ሰው ተመርቆ ሊነሣ ሆነ። ጋሽ ጀብሪል እንደ ልማዱ ጠየቁ፤ "ድንኳኑ ታጥፎ ወዴት ይሂድ?"

"ዕቃ ቤት ይግባ። የኔ ጣሪያ ተገኝቷል፤ ከጓሮ ነው ያለ" አለች የትምወርቅ።

ጋሽ ጀብሪል ምርኩዛቸውን ይዘው ዞሩ፤ አይተው ተመለሱ። አቶ አምባቸው ነጠላቸውን አጣፉ።

"ሐዘን ላይ ነኝ እኮ፣ እትዬ። ደግሞም ሕጋዊ በሆነ መንገድ ተወግዶ ነው የመጣው።"

"የት ተወገደ ብዬህ አልነበር?" አለች፤ አንቱታውን እዚያው ጥላ። "ይኸው፣ አገኘሁልህ።"

ጋሽ ጀብሪል ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "ቅሬ ሰውን አይከስስም፤ ያ የመንግሥት ሥራ ነው። የቅሬ ሰው ሜዳ ላይ እያለች፣ ጣሪያዋ ከበሬ ላይ ሆኖ ግን ድንኳናችን አይታጠፍም። ድንኳን ካልታጠፈ ደግሞ ለቀስተኛ አይነሣም። ተቀመጡ።"

ሰው ሁሉ ተመልሶ ተቀመጠ። የሚጮህ፣ የሚሳደብ የለም። ከቀበሌ የመጡት የአቶ አምባቸው ባልደረቦችም መሄድ አፍረው ተቀመጡ። ከአቀስታ የመጡ ዘመዶች ምን ሆኖ ነው እያሉ ጎረቤታቸውን ይጠይቃሉ፤ ጎረቤት በጆሮ ይነግራቸዋል፤ እነሱም ሄደው በረቱን አይተው ይመለሳሉ። ለበሬ ጣሪያ እንዲህ ብዙ ሰው ተሰልፎ አያውቅም። አሥር ሰዓት ሲሆን የአቶ አምባቸው እናት ከሴቶቹ መሐል ተነሡ።

"ልጄ፣ አባትህን ቅበር። አፈር ቢለብስም ድንኳኑ እስካልታጠፈ አልተቀበረም" አሏቸው።

አቶ አምባቸው አንገታቸውን ሳያቀኑ "ያውርዱት" አሉ። ሙሐመድኑር ከሁሉ ቀድሞ በረቱ ላይ ወጣ።

በማግሥቱ ቅሬው ግድግዳውን ለስኖ ቆርቆሮውን መለሰ። የጎደለውን ቆርቆሮ ሰው ከየቤቱ አዋጣ፤ የዘይት ጣሳው የድሮ ማዕዘኑን ያዘ።

ስምንት ቀን ሳይሞላ ያ ባነር ደጇ ድረስ መጣ። ያው ቲሸርት፣ ያው ካሜራ፤ በአቶ አምባቸው ፋንታ ግን ሰርካለም የምትባል ሌላ ኃላፊ። "በኅብረተሰብ ተሳትፎ የተጠናቀቀ" ቤት ሊያስመርቁ ነው። በሩ ላይ ቀይ ሪባን አሰሩ፤ የገዛ ቤቷን ቁልፍ ከእጇ ተቀብለው መልሰው ሊሰጧት እጃቸውን ዘረጉ። ቅጽና የቀለም ሳጥን ቀረበላት።

የትምወርቅ ቤት ለእንግዳ አላለችም። አውራ ጣቷን አጥፋ በመዳፏ ውስጥ ጨበጠችው።

"እዚህ ጋ ብቻ፣ እትዬ" አለች ሰርካለም ለስለስ ብላ።

"የባለፈው ገና አልደረቀም" አለች የትምወርቅ። ከዚያ ሪባኑን በትከሻዋ በጥሳ ገባችና በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው።