የላይኛውና የታችኛው ክፍል ማገናኛ

ፎቅ ያሉት የኮምፒዩተር ፕሮግራም ኮድ ይጽፋሉ፤ ምድር ቤት ያሉት ደግሞ የተጻፈውን እየፈተሹ ስህተት ይለቅማሉ። ላዮቹ ኮዳቸውን የሚያኖሩበት ፕላትፎርም ሌላ፣ ታቾቹ ስህተቱን የሚመዘግቡበት ሌላ። ሁለቱ ፕላትፎርሞች ስለማይተዋወቁ ደረጃው ላይ ሁልጊዜ ጩኸት ነው።

"ያንን ስህተት አስተካከላችሁት ወይ?"

"ድሮ ነዋ!"

"ታዲያ ለማን ነገራችሁ?"

እነዚህን ሁለት ፕላትፎርሞች የማገናኘት ሥራ ሚጢጢ ላይ ወደቀ። ሚጢጢ የሚሏት ቁመቷ አጭር ስለሆነ ነው፤ ምላሷስ ከፎቁ ይረዝማል። ሁለቱም ፕላትፎርሞች ኤፒአይ የሚባል፣ ፕሮግራም ከፕሮግራም ጋር የሚነጋገርበት በር አላቸው። ከአንዱ በር መልእክት ተቀብሎ ለሌላው የሚያደርስ ማገናኛ ጻፈችና ጠዋት ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት አስጀመረችው።

ጉድ ፈላ! ታች አንድ ፈታሽ "አይቼዋለሁ" ብሎ ጻፈ። ማገናኛው ወደ ላይ አደረሰለት። የላዩ ፕላትፎርም "አዲስ መልእክት ገብቷል" ሲል፣ ማገናኛው ይሄንንም እንደ አዲስ ወሬ ቆጥሮ ወደ ታች መለሰው። ታችም ወደ ላይ። የሁሉም ስልክ ይንጫጫ ጀመር፦ አይቼዋለሁ፣ አይቼዋለሁ፣ አይቼዋለሁ! ማገናኛውን አጥፍተው ነው የተገላገሉት።

የሁለቱም ክፍሎች ኃላፊ ፊቱን አጨፈገገ። "አሁኑኑ ለሌላ ድርጅት እደውላለሁ፤ እነሱ ይሥሩት" ብሎ ወደ ቢሮው ገባ።

ሚጢጢ ወራት የለፋችበት ሥራ ከእጇ ሊወጣ ነው፣ ያውም ሰው እየሳቀባት። ይባስ ብሎ የታችኛው ክፍል አለቃ የገዛ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ማታ እናታቸው ፊት እንዴት አሳምሮ እንደሚያወራው ከአሁኑ ይታያታል። እሱም አልቆየም፣ ደረጃውን ወጥቶ መጣ።

"ይሄ ነገርሽ የኔና ያንቺን ጭቅጭቅ መሰለ" አላት። "አንዳችን ዝም ካላልን መች ያልቃል?"

"ሂድ ወደዚያ! ምን ጭቅጭቅ አለው? ማገናኛው እኮ ብቻውን..." አለችና ቀጥ አለች። "ውይ! የራሱን ድምፅ እየሰማ ለራሱ ነው የሚመልሰው!"

ወንበሯን ስባ ተቀመጠች። ማገናኛው በሚያደርሰው መልእክት ሁሉ ላይ ምልክቱን እንዲያኖር፣ የራሱ ምልክት ያለበትን ግን ዳግም እንዳይነካ አዘዘችው። ጥቂት መስመር ኮድ ናት። ከዚያ ማገናኛውን እንደገና አስጀመረችው።

"በል ውረድና አንድ የታረመ ስህተት መዝገባችሁ ላይ ዝጋ" አለችው።

ወንድሟ ወርዶ ዘጋ። ፎቅ ባለው ስክሪን ላይ "ስህተቱ ተዘግቷል" የሚል መልእክት ብቅ አለ። ሰው ሁሉ ስልኩን አፍጥጦ እያየ ጠበቀ። ሁለተኛ አልመጣም። ከላይ አንዱ "እናመሰግናለን" ብሎ ጻፈ። ታችም ያው አንዴ ደረሰ፤ ከዚያ ጸጥ።

"አንዴ ብቻ! አንዴ ብቻ!" እያሉ ታቾቹ ሲጮኹ ፎቁ ተናወጠ። የወንድሟ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማል፦ "የማን እህት መሰለቻችሁ!"

ኃላፊው ጩኸቱን ሰምቶ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ከቢሮው ወጣ። ያኛው ድርጅት መስመር ላይ ነበር። ስክሪኑን አየ፣ ሚጢጢን አየ።

"ይቅርታ፣ በከንቱ አደከምኳችሁ" አለ በስልኩ። "የኛዋ ልጅ ሠርታልናለች።"

ሚጢጢ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ ሰው ሁሉ እያያት አልጠረገችውም።