ሦስት ግዳጅ በአንድ በረራ

«አባዬ፣ የጠላት እጅህ እኮ እዚህ መሆን የለበትም!» ልጁ ለሦስተኛ ጊዜ ጮኸችበት። «በመስኮት አውጥተህ ጎረቤት ግቢ ልትሰደው ይገባል። ዛሬ ጠላትን ሳታየው ነው የምትመታው፤ እሱም ሳታየው ነው የሚመታህ።»

ሽማግሌው አሰልጣኝ መዳፎቹን አየር ላይ እንደ ዘረጋ ቀረ። ቀኙ እሱ ነበር፣ ግራው ጠላት። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰሌዳው ፊት ቆሞ በቀኙ ግራውን ሲያሳድድ ኖሯል፤ ግራ እጁ አንድ ቀን እንኳ አሸንፎ አያውቅም።

«እጄን ቆርጬ ጎረቤት ልጣለው?»

«ትምህርቱን ለእኔ ተውልኝ ነው የምልህ።»

ጠቡ በዚሁ ነበር። የበረራ ትምህርት ቤቱ አዛዥ «የተዋጊ አውሮፕላን ትውልዶች» የሚባለውን ትምህርት አዲሱን ጀት ለምታበረው ልጁ ሊሰጥ አስቧል። አሰልጣኙ ሌላ የሚያስተምረው የለውም፤ ትምህርቱ ከሄደ እሱም ጡረታ ይወጣል።

በእሱ ዘመን አውሮፕላን ሁሉ አንድ አንድ ሥራ ነበረው። አንዱ ቦምብ ይጥላል፣ አንዱ ፎቶግራፍ ያነሳል፣ አንዱ የመጣውን ጠላት ሰማይ ላይ ይጠልፋል። እሱ የሁለተኛው ትውልድ ጠላፊ ነበር፤ ደወል ሲደወል ሮጦ መውጣት፣ ሽቅብ መተኮስ፣ ነዳጅ ሳያልቅ መመለስ። ቤትም እንደዚያው ነው። ሚስቱ ዳቦና ሳሙና ግዛ ብላ ብትልከው ዳቦውን ይዞ በሩጫ ይመለሳል። «እሱን በሁለት ጉዳይ መላክ ሁለቴ መላክ ነው» ትላለች።

«ሁሉን ልሥራ ያለ ከሁለት ያጣ ጎመን ይሆናል» አለ ልጁን። «ያንቺ ጀት ተዋጊ ነው ወይስ ሱቅ በደረቴ?»

«ግባና ሞክረዋ! የበረራ ማስመሰያው ሲሙሌተር ክፍት ነው። የጠላትን ካምፕ ፎቶ አንሳ፣ ድልድዩን ምታ፣ የመጣብህን መክተህ ተመለስ። ከቻልክ ትምህርቱን አልፈልግም ብዬ ለአዛዡ እነግረዋለሁ።»

ወሬ ክንፍ አለው። አሰልጣኙ የሲሙሌተሩ ኮክፒት ውስጥ ገብቶ ቀበቶውን ሲያስር ስምንቱ ሰልጣኞች ከመስታወቱ ጀርባ ተደርድረዋል፤ አዛዡም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል።

ገና ከመሬት እንደ ተነሳ ከስክሪኑ ጥግ ቀይ ነጥብ ብልጭ አለች። ጠላት! ሃያ ዓመት የተኛ ደሙ ተነሳ። ሞተሩን እስከ መጨረሻው ከፈተው። ማሽኑ ሚሳይሉን ከሩቅ መልቀቅ እንደሚችል ደጋግሞ ነገረው፤ እሱ ግን ነውር መሰለው። ተጠጋ፣ ከኋላ ገባ፣ በመድፍ አነደደው። ሰልጣኞቹ አጨበጨቡ። የነዳጁ መብራት ሲበራ ዞሮ መጣና ላባ እንደማስቀመጥ አድርጎ አሳረፈ። የራስ ቁሩን አውልቆ ፈገግ አለ።

«ድልድዩስ?» አለች ልጁ በማይክሮፎን።

«የምን ድልድይ?»

ስክሪኑ ላይ የጠላት ታንኮች እንደ ሠርገኛ ዘና ብለው ድልድዩን ይሻገራሉ።

«ፎቶግራፉስ፣ ጋሼ?» አለ አዛዡ በትሕትና።

«እሱን... የሚያነሳው ሌላ አውሮፕላን መስሎኝ ነው፣ ጌታዬ።»

አንዱ ሰልጣኝ አፉን በእጁ ቢይዝም ሳቁ አመለጠው። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ግን ራሱ አሰልጣኙ ነበር፤ እንባው እስኪመጣ።

«ጻፉት!» አላቸው እየወጣ። «ሁለተኛው ትውልድ ይህን ይመስላል። ይፈጥናል፣ ይጠልፋል፣ ድልድይ ይረሳል።»

«አባዬ፣ እንዲህ አድርጌ ግን እኔም አላሳርፍም» አለች ልጁ ቀስ ብላ።

«ለማሳረፍማ ማን ብሎኝ!»

አንዲት ሰልጣኝ እጇን አወጣች። «ያን ጊዜ ለአንድ ሥራ ብቻ ለምን ሙሉ አውሮፕላን ይሠሩ ነበር?» ጥያቄው ለልጁ ነበር። እሷም አባቷን አየት አደረገችው፤ በእሺታ ራሱን ነቀነቀላት። ያን ጊዜ ስጋቱ ከፍ ብሎ የሚመጣ ቦምብ ጣይ እንደ ነበር፣ የአውሮፕላን ራዳር ደካማ እንደ ነበር፣ ፍጥነትና ሌላ ሥራ በአንድ አውሮፕላን ላይ አብረው መሄድ እንዳልቻሉ ማስረዳት ጀመረች። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ስህተት ጠበቀ። አልመጣም። ሰልጣኞቹ አቀርቅረው ይጽፋሉ፤ አዛዡም ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ መጻፍ ጀምሯል።

አሰልጣኙ የሲሙሌተሩ መዝገብ ላይ ፈረመ፤ ኮቱን ከወንበሩ አንስቶ በጎን በር ወጣ። ልጁ በትምህርቱ ወደ ሦስተኛው ትውልድ ተሻግራ ነበር።