ቲማቲሙ የበቀለበት በርሜል

ቅናት ነው። እህቴ ክላይዲን ላይ ያለኝን ነገር ሰው ሌላ ስም ሲያወጣለት አልወድም። «ለሙያሽ ተቆርቁረሽ ነው» ይሉኛል። ኧረ ወዲያ! ቀንቼ ነው፤ ያውም አንጀቴ እስኪያርር።

ከኬንታኪ የኦሃዮን ወንዝ እየተሻገርኩ፣ ኢንዲያና ካለው ትልቅ ፋብሪካ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ቡርበን የሚባለውን የበቆሎ ውስኪ ጥንስስ ስጠብቅ የኖርኩት እኔ ኔልዳ ነኝ። ከሥራ ስወጣ የኮመጠጠ በቆሎ ስለምሸት ባሌ እንኳን መስኮት ሳይከፍት መኪናው ውስጥ አያስገባኝም ነበር። ታናሼ ክላይዲን ቤት ስታሻሽጥ ነው የኖረችው። ከሦስት ዓመት በፊት ብድግ ብላ «አያት ኤልዚ» የሚባል ቡርበን ይዛ ብቅ አለች። ጠርሙሱ ላይ የአያታችን ፎቶ ተለጥፏል፤ ከሥሩ «ከአያቴ የወረስኩት ሙያ» ይላል። አያታችን ኤልዚ የባፕቲስት ዲያቆን ነበር! አረቄ መቅመሱ ይቅርና፣ አልኮል አለበት ብሎ የሳል ሽሮፕ የማይጠጣ ሰው።

ይባስ ብሎ ያ ቡርበን ሉዊቪል ላይ ተወዳድሮ ሜዳሊያ ወሰደ። እማማ ሜዳሊያውን ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቀለችው፤ ጠርሙሱንም ከሥሩ አቆመችው። ጎረቤቷ ሚስዝ ዋተን በአጥሩ ላይ ብቅ ባለች ቁጥር «ውስኪ የምታወጣው ልጄ ልትመጣ ነው» ትላታለች። እኔ እዚያው ግቢ ውስጥ ሳሯን እያጨድኩላት! እኔን ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ «ፋብሪካ የምትሠራዋ» ነበር የምትለኝ። «ውስኪ የምታወጣው ልጄ» የምትለዋን ቃል አንድ ቀን ለእኔ ብትላት፣ ሜዳሊያውንም ጠርሙሱንም ክላይዲን ትታቀፈው ነበር።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እማማ ቤት ለምሳ ተቀምጠን፣ ክላይዲን ቀዳችልኝ።

«እስኪ ቅመሽው እታለም፤ አንቺ አይደለሽ ባለሙያዋ?»

ቀመስኩት። መዋሸት አልችልም፤ እንደዚያ ያለ ቡርበን በዕድሜዬ ቀምሼ አላውቅም። መጀመሪያ የበሰለ ኮክ ኮክ ይላል፤ ቀጥሎ ቆንጠጥ ያደርጋል፤ ከዋጥኩት በኋላም ምላሴን አልለቅ አለ። ደሜ ፈላ።

«ጥንስሱ የተበላሸ ነው!» አልኩ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «ይህን ያወጣ ሰው መጥረጊያ ይያዝ እንጂ ጋን አጠገብ አይድረስ!»

እማማ «እኔን ግን ይጥመኛል» አለችና የዶሮውን ጭን አነሳች።

እኔ ምግቡን ትቼ ጠርሙሱን አገላብጥ ጀመር። ከጀርባው፣ ከታች በኩል፣ የጉንዳን ዓይን በምታህል ፊደል «ኢንዲያና ውስጥ የወጣ» ይላል። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

«ይኸውልሽ እማማ! የሰው ነው! ገዝታ ነው የአያታችንን ፊት የለጠፈችበት!»

«ሕጉ ጻፊ ብሎኝ ጽፌዋለሁ እኮ» አለች ክላይዲን፣ ምንም ሳይመስላት። «ከየትኛው ፋብሪካ እንደሆነ ግን አልናገርም፤ ፈርሜአለሁ። ግማሹ አገር ገዝቶ አይደል እንዴ የራሱን ስም የሚለጥፈው?»

«ኢንዲያናም በቆሎ ይበቅላል» አለች እማማ።

ከዚያ ወዲያ እህል አልበላ አለኝ። የትኛው ፋብሪካ፣ በየትኛው ቀን እንዳወጣው አግኝቼ እማማ ፊት ካላነበብኩት ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። የማውቃቸው የውስኪ ደላሎች ጋ ደወልኩ፤ ሁሉም አፋቸውን የተሰፉ ይመስል «አይ ኔልዳ፣ ተይን» ይሉኛል። ክላይዲን ጠርሙስ የምትሞላበት መጋዘን ጋ ሄድኩ፤ ራሴን የሚያህል ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጥርሴን እየቦረሽኩ በርሜሎቹ ትዝ አሉኝ። እኛ አገር ቡርበን ለዓመታት የተኛበትን የእንጨት በርሜል ባዶ ሲሆን ማንም አይጥለውም፤ ከወገቡ ለሁለት ተቆርጦ አበባ ይተከልበታል። ክላይዲንም ከባዶዎቹ አንዱን አስቆርጣ ለእማማ በረንዳዋ ላይ ግራና ቀኝ አስቀምጣላታለች፤ ባንዱ አበባ፣ ባንዱ ቲማቲም ተተክሎበታል። የበርሜል የልደት ወረቀቱ ደግሞ ክዳኑ ነው፤ የፋብሪካው ቁጥርና የተሞላበት ቀን እዚያ ላይ ይታተማል። ያ ክዳን አሁን ከሁለቱ የአንዱ መትከያ ቂጥ ሆኖ መሬት ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

እማማ ማክሰኞ ማክሰኞ ፀጉሯን ልትሠራ ትሄዳለች። ሰዓቱን ጠብቄ ሄድኩ።

አበባውን ገለበጥኩት። ምንም ያልተጻፈበት እንጨት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ? አፈሩን መልሼ ሳልሞላ ወደ ቲማቲሙ ዞርኩ። ስገፋው ወገቤ ቀጭ አለ፤ አፈሩ በረንዳውን ሞላው፤ ቲማቲሙ በደረጃው ወደ ግቢው ተንከባለለ። ጭቃውን በቀሚሴ ጫፍ ጠረግኩት። ቀለሙ ቢደበዝዝም ቁጥሩ ይነበባል። ሃያ ሰባት ዓመት ያየሁት ቁጥር ነው። የእኔው ፋብሪካ!

«ያዝኩሽ!» ብዬ ብቻዬን ጮህኩ።

ከዚያ ቀኑን አነበብኩ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ ጃንዋሪ ሠላሳ አንድ። አፈሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ያ ሳምንት አባባ የሞተበት ነው። ከሆስፒታል ሲደወልልኝ ስምንት ጋን ጥንስስ በእጄ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ከጋን ተነስቶ ውስኪው መውጣት ያለበት። ለተተኪዬ መልእክት ትቼ ሮጥኩ። በነጋታው ውሽንፍሩ መጣና ድልድዩ በበረዶ ተዘጋ፤ ተተኪዬም መሻገር አቃተው። አባባን ቀብሬ ስመለስ ጥንስሱ ሳምንት ሊሞላው ነው፤ ሆምጥጦ አፍንጫ ይሰብራል። አለቃዬ «ከሚደፋ ይውጣና አንዱ ደላላ ይውሰደው» አለ። እኔን ከጋኖቹ አንስቶ ዓመት ሙሉ ግቢ አስጠረገኝ። እሑድ ዕለት ለማላውቀው ሰው የተመኘሁለት መጥረጊያ የራሴው መጥረጊያ ነበር።

እንደተቀመጥኩ መኪና ቆመ። ክላይዲን እማማን ከፀጉር ቤት ይዛት መጣች።

«ቲማቲሜን!» አለች እማማ፣ ገና ከመኪናው ሳትወርድ። «ምን ነካሽ አንቺ ሴትዮ? አበድሽ እንዴ?»

«ይህን ቀን አንብቢው እማማ።»

መነጽሯን ፈልጋ አወጣች፤ ጎንበስ አለች። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«አባታችሁን በቀበርን በነጋታው ነው» አለች።

«የእኔ ጥንስስ ነው» አልኳት። «ያ ያስጠረገኝ።»

ክላይዲን የምትስቅብኝ መስሎኝ ነበር። አልሳቀችም።

«ደላላው እንከን አለበት፣ ማንም አይፈልገውም ብሎ ነው የሰጠኝ» አለች። «ኔልዳ፣ አምስት በርሜል ነው የቀረኝ። እንደሱ ያለ ፍለጋ ያልዞርኩበት የለም፤ አጣሁ። ምን ብታደርጊበት ነው? ንገሪኝ ብቻ። አያት ኤልዚን አንስቼ ያንቺን ፎቶ እለጥፋለሁ። ሙያው የእህቴ ነው ብዬ እጽፋለሁ፤ እማማ ምስክሬ ናት።»

ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩት ነገር ይኸው በረንዳ ላይ ቆመ። እማማ ታየኛለች። የሚያስፈልገኝ አንድ ውሸት ብቻ ነበር፤ እርሾውን እንዲህ አድርጌ፣ ሙቀቱን እንዲያ አድርጌ። ክላይዲን ጥንስስና አጥሚት አትለይም፤ ምንም ብላት ታምነኝ ነበር። ውሸቱ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«ምንም አላደረግኩበትም» አልኩ። «ጥዬው ነው የሄድኩት። እኔ ሳልኖር ነው እንዲህ የጣመው።»

ይህን ስናገር አለቀስኩ። ስለ አባባ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ግማሹ ግን ንዴት ነበር።

እማማ ወደ ቤት ገባች። ስትመለስ መጥረጊያ ይዛለች።

«ይህን ያወጣ ሰው መጥረጊያ ይያዝ ያልሽው አንቺ ነሽ፤ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለችኝ። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በይ ጥረጊ!»

ተነስቼ ጠረግኩ። ክላይዲን በዚያ ውድ ጫማዋ ግቢ ውስጥ ጎንበስ ብላ ቲማቲም ትለቅማለች። ሚስዝ ዋተን ጫጫታውን ሰምታ በአጥሩ ላይ ብቅ አለችና እማማን በስሟ ጠራቻት።

«ኦቫ! ምን ጉድ ነው? በረንዳሽን እንዲህ ያደረገው ማነው?»

«ውስኪ የምታወጣው ልጄ ናት» አለቻት እማማ፣ በእጇ ወደ እኔ እያመለከተች።

መጥረጊያዬ ቆመ። ክላይዲን ከነቲማቲሙ ቀና ብላ አየችኝ። ያንን አስተያየት አላጣውም፤ ሃምሳ ዓመት እሷን ሳይበት የኖርኩት ነው።